ከመተሐራ ወደ ሐዋሳ አፈር ተሸክሜ

ከሐዋሳ ከተመለስኩ ወዲህ የሰፈሬ ሴቶች ስለ ሐይቁ፣ ስለ ሰፊው መንገድና ስለ ዓሣው ይጠይቁኛል። እኔ ግን ሁልጊዜ ከላም እጀምራለሁ። «አልማዝን ጡረታው አልተስማማትም፣ ነገር ይምታታባት ጀመር» እስከ መባል ደርሻለሁ። ስለዚህ ከመነሻው ይዤ ቀኑን በቀኑ ልጻፈው፤ ሐዋሳን ያላያችሁ፣ ወደፊትም የማታዩ፣ አብራችሁኝ እንደሄዳችሁ ቁጠሩት።

የሄድኩት ለሽርሽር አይደለም። ታላቅ ወንድሜ ጌታቸው በሰቃ ሐይቅ ዳር የአባታችንን መሬት ያርሳል፤ ያርስ ነበር ብል ይሻላል። የእኛ ሐይቅ እንደ ሌላው ሐይቅ በቦታው አርፎ አይተኛም። ወደ እርሻው ይጠጋል፣ ውሃውም ጨዋማ ነው። ሽንኩርት ይበቅልበት የነበረው ማሳ ዛሬ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ጌታቸው እዚያ ቤት ብቻውን ይኖራል። ከተማ ውስጥ፣ እኔ ዘንድ፣ ባዶ ክፍል አለ። ና ብዬ ብለምነው፣ ብቆጣው፣ ሽማግሌ ብልክበት አሻፈረኝ አለ።

በቅርቡ ደግሞ የሚቀመጥበት ምክንያት አገኘ። ሽንኩርቱ በሞተበት መሬት ላይ አንድ ቁጥቋጦ ለምልሞ ወጣ። ቅጠሉ ድቡልቡልና ወፍራም ነው፣ ሲያኝኩት ጨው ጨው ይላል፤ እኛም በዘልማድ ጨው ቅጠል እንለዋለን። «ይኼ ተክል ጨዉን እየመጠጠ መሬቴን ያጸዳልኛል» ብሎ ድርቅ አለ።

ብዙ ከተጨቃጨቅን በኋላ በአንድ ነገር ተስማማን። ድሮ መተሐራ አንደኛ ደረጃ አብረን እናስተምር የነበረችው ጓደኛዬ አስቴር አሁን ሐዋሳ ነው የምትኖረው። ልጇ ምሕረት ደግሞ የተክል ሥር ታጠናለች። አፈሩንና ተክሉን ወስጄ ላሳያት፤ «መሬቱ ይድናል» ካለች ጌታቸው ይቀመጣል፣ «አይድንም» ካለች ጓዙን ጠቅልሎ እኔ ቤት ይገባል። እውነቱን ልናገርና፣ ጉዞውን የተቀበልኩት «አይድንም» እንድትል እየተመኘሁ ነው።

ማክሰኞ

ጌታቸው በማለዳ ዕቃውን አመጣልኝ። ነጭ የወጣበት የታችኛው ማሳ አፈር በግማሽ ማዳበሪያ፣ ደግሞም በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን የተተከሉ ሦስት ጨው ቅጠሎች። ሁለቱ ከታችኛው ማሳ የተነቀሉ ናቸው። ሦስተኛው ከላይኛው ጥግ፣ ሐይቁ ገና ካልደረሰበት ከፍ ያለ ቦታ ነው። እንዳይቀላቀልብኝ ብሎ በሦስተኛው ጀሪካን ላይ ቀይ ክር አስሮበታል። እኔ ለአስቴር ቤት ሽንኩርት ከገበያ ገዝቼ ነበር። አየውና ፊቱን አዞረ። ድሮ ሰው ቤት ስንሄድ ሽንኩርት የምንይዘው ከራሳችን ማሳ ነበር።

የአዳማው ሚኒባስ ረዳት ማዳበሪያውን ወደ ጣሪያ ሲያነሳ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። አፈር ነው አልኩት። ሐዋሳ አፈር አልቋል ወይ ብሎ ጠየቀና ተሳፋሪውን አሳቀብኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ።

ከአዳማ የሐዋሳ መኪና ያዝኩ። ጀሪካኖቹን ጭኔ ላይ አድርጌ ሞጆን፣ መቂን አለፍን። መቂ ላይ በመንገዱ ግራና ቀኝ የሽንኩርትና የቲማቲም ክምር ሳይ፣ የእኛ መሬት እንዲህ የነበረበት ጊዜ ትዝ አለኝና ዓይኔን ጨፈንኩ። ጨፍኜ ሳለ መኪናው ጉድጓድ ገባና የአንዱ ጀሪካን ጭቃ አጠገቤ በተቀመጡት ሰውዬ ሱሪ ላይ ፈሰሰ። ሱሪው ገና የተተኮሰ ነው። ይቅርታ እያልኩ በነጠላዬ ልጠርግላቸው ስል እጄን መለሱና፣ ከሦስቱ አንዱን ከጭኔ አንስተው የራሳቸው ጉልበት ላይ አስቀመጡት። የበሽተኛ መድኃኒት መስሏቸው ነበር። እንደዚያ እንደያዙት ሻሸመኔ ድረስ ሄዱ፤ ሲወርዱም እግዜር ይማርልዎት አሉኝ። አሜን አልኩ። የታመመው መሬት ነው ብል ኖሮ ነገሩ ይረዝምብኝ ነበር።

ሐዋሳ ስገባ መጀመሪያ የገረመኝ ጥላው ነው። የእኛ ከተማ ነፋስና አቧራ ነው፤ እዚህ በመንገዱ ዳርና ዳር ዛፍ ቆሟል፣ ሰውም እንደ እኛ ዓይኑን ሳያጨማድድ ይሄዳል። ባጃጅ ይዤ ከከተማው በስተደቡብ ወዳለው ቱላ ወረድኩ። አስቴር መንገድ ዳር ቆማ ጠበቀችኝ። ፀጉሯ ነጭ ሆኗል፣ ሳቋ ግን ያው ነው። ከነጀሪካኔ አቀፈችኝ።

አስቴር ከእናቷ ከእማማ ሣራ ጋር ነው የምትኖረው። እማማ የሚበዛው ንግግራቸው በሲዳምኛ ነው፤ አማርኛ ሲናገሩ ቆጥበው፣ መርጠው ነው። ከቤቱ ጀርባ እንሰት አለ፣ ከእንሰቱ አጠገብ አንዲት ቀይ ላም ታስራለች። ሽንኩርቱን ለአስቴር ሰጠሁ። ማዳበሪያውንና ጀሪካኖቹን በረንዳው ላይ አስቀምጬ እግሬን ልታጠብ ገባሁ።

ራት ቆጮ በጎመንና በአይብ ነበር። እነ አስቴር ፕሮቴስታንት ናቸው፤ ከምግብ በፊት ዓይን ጨፍነው ይጸልያሉ። እኔ የመጀመሪያዋን «አሜን» ስሰማ ጸሎቱ ያለቀ መስሎኝ ቆጮውን ጎረስኩ። ገና መግቢያው ነበር። ጎመን እንዳጎረሱት ሕፃን ጉንጬ ተወጥሮ፣ ለእኔ፣ ለመንገዴ፣ ለመተሐራ ሰዎች ሁሉ ሲጸለይ ሳላኝክ ጠበቅሁ።

ረቡዕ

ጠዋት ወደ በረንዳው ብወጣ ማዳበሪያው ባዶውን ታጥፎ ግድግዳው ሥር ተቀምጧል። ጀሪካኖቹ አሉ፤ ጨው ቅጠሎቹ ግን እስከ ጉቷቸው ተግጠዋል። ከጓሮ ላሟ ስትልስ ይሰማል። አስቴር እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ አገር ላም ቦሌ ትልሳለች። ቦሌ ጨዋማ አፈር ነው፤ ከብት ያለው ሰው ከሩቅም ቢሆን ያስመጣዋል። እማማ ሣራ ማዳበሪያውን ከፈቱ፣ ከውስጡ በጣታቸው ቆንጥረው ምላሳቸው ላይ አደረጉ፣ ጥሩ ቦሌ ሆኖ አገኙት። እንግዳ ከመተሐራ ድረስ ያንን ሁሉ ሸክም ለሌላ ለምን ያመጣል? ለላሟ በገበቴ አቀረቡላት። ቅጠሉም ሲቀምሱት ያው ጣዕም አለው፤ እሱንም ጨመሩላት።

ወደ እኔ መጡና ሁለቱን እጆቼን ያዙኝ።

«አንቺ ብልህ እንግዳ ነሽ» አሉኝ በአማርኛ። «ለሰው ሽንኩርት፣ ለላም ቦሌ። ሰው ሁሉ የሚያስበው ለሰው ብቻ ነው።»

ምን ይባላል? አስቴር አየችኝ፣ እኔም አየኋት። የእማማ ፊት እንደዚያ በርቶ ሳለ «የወንድሜ ዕጣ ነበር የሰጧት» ልላቸው ነው? እግዜር ይስጥልኝ እማማ፣ ላምዎ የተባረከች ናት አልኩ።

ጓሮ ብቻዬን ስሆን ግን እንባዬ መጣ። ራሴን ታዘብኩት። «አይድንም» እንድትል የተመኘሁት እኔ ነኝ፤ አፈሩ ጠፋ ብዬ የማለቅሰውም እኔው ነኝ። ጌታቸው ያን አፈር ሲዝቅ ጎንበስ ብሎ፣ ድንጋዩን እየለቀመ፣ ሊጥ እንደሚያቦካ ሰው ነበር። ያንን እያሰብኩ ነው ያለቀስኩት።

ከዚያ የሚለቀስበት ጊዜ አልነበረም፤ ላሟ ውሃ ጠማት። አንድ ባልዲ ጨረሰች፣ ሌላ ቀረበላት፣ እሱንም ጨረሰች። እኔና አስቴር ከቧንቧ እስከ ጓሮ ስንመላለስ ረፋዱ አለቀ። ረቡዕ ስለሆነ እጾማለሁ፤ አስቴር ለእኔ ብላ ሽሮ ለብቻ ሠርታ፣ ድስቱን ቅቤ ነክቶት እንዳይሆን ሦስቴ አጥባ ነበር። ያንን ሽሮ የበላሁት በሁለት ባልዲ መካከል ቆሜ ነው።

ከሰዓት ምሕረት መጣች። ፊደል ያስቆጠርኳት ልጅ ዛሬ መነጽር አድርጋ፣ ቦርሳ አንግታ ስትመጣ ሳያት ደረቴ ሞላ። ዛሬም «ቲቸር» ነው የምትለኝ። ታሪኩን ስነግራት መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች። ከሳቋ ስትመለስ ግን ቀድማ ላሟን ሄዳ አየቻት፤ አፈሩ ውስጥ የማናውቀው ነገር ሊኖር ስለሚችል ድጋሚ እንዳትልስ፣ ውሃ ግን እንዳይቀርባት አስጠነቀቀች። ለአያቷ በሲዳምኛ ያስረዳቻቸው፣ የመተሐራ ቦሌ ኃይለኛ ስለሆነ ለአንድ ጊዜ ይበቃል ብላ ነው። እማማም ኮሩ።

ከዚያ ጀሪካኖቹን አነሳች።

«ቲቸር፣ ሥሩ አለ እኮ።»

«ሥሩማ አለ። ቅጠሉ ነው የሄደው።»

«እኔ የምፈልገው ሥሩን ነው። አፈሩም በየጀሪካኑ ውስጥ አለልን።»

ሐሙስ

በባጃጅ ወደ ከተማ ወጣን። በጉዱማሌ በኩል አለፍን፤ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ የሚከበርበት ሰፊ ሜዳ ነው። በዚያ ቀን ባዶ ነበር፤ ሁለት ሰዎች ብቻ ዛፍ ሥር ቆመው ያወራሉ። በእኛ አገር ይህን የሚያህል ባዶ መሬት ካየሁ ውሃው መቼ ይደርስበት ይሆን ብዬ ነው የማስበው። እዚህ ማንም እንደዚያ አያስብም፤ ቀናሁባቸው።

የምሕረት ቤተ ሙከራ ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ ማጉያና ብዙ ብርጭቆ ያለበት ጠባብ ክፍል ነው። ሥሮቹን በቀስታ አጠበች፣ ከአንዱ በምላጭ ስስ አድርጋ ቆረጠች፣ ቀለም አስነካችውና በማጉያው ይዩ አለችኝ። የተቆረጠ ሽንኩርት የመሰለ ክብ በክብ አየሁ።

ውጪኛውን ክብ እያሳየች አስረዳችኝ። የማዕድ ጨው ውስጥ ሶዲየም የሚባል አለ። ሥር የሚፈልገው ፖታሲየምን ነው፤ ሶዲየም ግን ስለሚመስለው በዚያው በር ተሻምቶ ይገባል። ሽንኩርት ይህን መከላከል አይችልበትም፤ ሶዲየሙ ከውሃው ጋር ወደ ላይ ይወጣና ቅጠሉን ከጫፉ ጀምሮ ያቃጥለዋል። የጌታቸው ሽንኩርት የሞተው እንደዚህ ነው። ጨው የሚችሉት ግን ብዙ ዘዴ አላቸው። አንዳንዱ የገባውን ከሥሩ መልሶ ወደ አፈር ይገፋል፤ ይህ ጉልበት ይጨርሳል፣ ውሃ የገባበት ቤት ሲቀዱ እንደ መዋል ነው። ወደ ውስጥ ደግሞ እንደ ሰም ያለ ቀለበት አለ፣ ውሃ ሳይፈተሽ በስንጥቅ እንዳያልፍ ይዘጋል። ከዚያ ያለፈውን ቅጠሉ ጋ እንዳይደርስ ብሎ ሥሩና ግንዱ ላይ የሚያስቀር ተክልም አለ።

«የእኛስ ጨው ቅጠል የቱ ነው?»

«የእናንተው ይለያል፤ ብዙውን ያሳልፈዋል» አለችኝ። «ውሃ ጨው ወደበዛበት ነው የሚሄደው። አፈሩ ጨዋማ ሲሆን ተክሉ ከአፈሩ ካልበለጠ ውሃውን መሳብ አይችልም። ስለዚህ ጨዉን ወደ ቅጠሉ ያወጣውና እያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ባለች ለብቻዋ በተዘጋች ከረጢት ያስቀምጠዋል። ሥራ የሚሠራበት ቦታ ላይ እንዲደርስ አይፈቅድለትም። ቅጠሉ የወፈረው ለዚያ ነው።»

ሳልፈልግ ጌታቸው ታወሰኝ። ሚስቱን ከቀበርን ጀምሮ አንድ ቀን ስለ እሷ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም፤ ይሠራል፣ ይበላል፣ ይቆማል። ሐዘኑን የት እንዳስቀመጠው አላውቅም።

«እንግዲያ መሬቱን ያጸዳዋል ማለት ነው?» አልኳት።

ከየጀሪካኑ አፈር ውሃ ውስጥ በጠበጠች፣ መለኪያ ነከረች፣ የቀይ ክሩን ለብቻ ለካች። ከዚያ ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ቲቸር፣ ተክሉ ጨዉን አያጠፋውም፤ ከቦታ ቦታ ነው የሚያዛውረው። ቅጠሉ እዚያው ከረገፈ ጨዉም ተመልሶ እዚያው ነው። አጭደው ካወጡት ብቻ ነው ከመሬቱ የሚወጣው፣ ያውም ትንሽ በትንሽ። የታችኛው ማሳ ላይ ሐይቁ ከሥር እየጨመረ እሳቸው ከላይ ቢቀንሱ ምን ዋጋ አለው? እሱ አይድንም።»

የፈለግሁትን ቃል አገኘሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

«ባለ ቀዩ ክር ግን ሌላ ነው» ብላ ቀጠለች። «እዚያ ጨዉ ገና ቀላል ነው፣ ውሃውም ሩቅ ይመስላል። ይድናል ብዬ አልምልም። ዝናብ ሲመጣ ውሃው ጨዉን አጥቦ የሚወርድበት ቦይ ካለው፣ እያጨደ የሚያወጣ ሰው ካለው፣ ይሞከራል። ያጨዱትን ከሣር ጋር እየቀላቀሉ፣ ከትንሽ ጀምረው ለከብት መስጠት ይቻላል። ንጹሕ ውሃ ግን እንደ ልብ መሆን አለበት። የአያቴን ላም አይተዋል።»

ዓርብ

መኪናዬ ረፋድ ላይ ስለነበር አስቴር ሐይቁን ሳላይ እንዳልሄድ ይዛኝ ወጣች። ዓሣ ጠባሾቹ ገና እሳት እያያያዙ ነው። ለእኔ ጾም ስለሆነ አስቴርም አልበላም አለች፤ እባክሽ ብላት እንቢ አለች፣ ሁለታችንም ሻይ ብቻ ጠጣን። ወደ ውሃው ወረድኩና በእጄ ጨልፌ ምላሴን አስነካሁ። አስቴር ጮኸችብኝ፣ እንዲህ ያለ ውሃ ዝም ብሎ አይቀመስም ብላ። እኔ ግን ማወቅ ነበረብኝ። የእኛን ሐይቅ ለቀመሰ ሰው ይሄ ጣፋጭ ነው። ምነው የአባታችን መሬት እዚህ ዳር በሆነ ብዬ ተመኘሁ።

ስሸኝ እማማ ሣራ ቆጮ በኮባ ጠቅልለው ሰጡኝ፣ የታጠፈውን ማዳበሪያም መለሱልኝ። በሚቀጥለው ስመጣ እንድሞላው ነው።

በመንገድ ላይ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ጌታቸው የጠየቀው «ይድናል ወይስ አይድንም» ብሎ ነው። «የታችኛው አይድንም አለች» ብዬ ዝም ብል ውሸት አይሆንም። ወንድሜ እኔ ቤት ይገባል፤ ሌሊት ውሃው ደረሰበት ይሆን እያልኩ መባነኔ ይቀራል። ሻሸመኔ ላይ እንደዚያ ላደርግ ወሰንኩ። ዝዋይ ላይ ተውኩት። አዳማ ላይ እንደገና ወሰንኩ። ቤቴ ስገባ አልቆረጥኩም ነበር።

ቅዳሜ

በማለዳ ወደ ጌታቸው ሄድኩ። ደጁ ላይ ተቀምጧል። ከጀርባው፣ በሩ ውስጥ፣ ፍራሹ ተጠቅልሎ በገመድ ታስሯል። የሚስቱ የልብስ ሣጥን አጠገቡ ነው። እኔ ሐዋሳ ሳለሁ ጓዙን ጠቅልሎ ጨርሷል። የቀረው የእኔ አንድ ቃል ነው።

«አይድንም አይደል?» አለኝ።

አዎ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

«የታችኛው አይድንም» አልኩት። ከዚያ አፌ አላረፈም፤ ስለ ከረጢቷ፣ ስለ ቀለበቱ፣ ስለ ላሟ፣ ስለ ላይኛው ጥግ፣ ስለ ቦዩ፣ አጭዶ ስለማውጣቱ፣ ምንም ሳላስቀር ነገርኩት። ስጨርስ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ወደ ላይኛው ጥግ አየ።

«የላይኛውን ባትነግሪኝ ኖሮ እኮ እመጣልሽ ነበር።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ለምን ነገርሽኝ?»

«ቀይ ክሩን ያሰርከው አንተ ነህ፤ ለይቼ እንድጠይቅልህ» አልኩት።

ቀጥሎ የጠየቀኝ ስለ ላሟ ነው። ወደደችው ወይ አለኝ። ጠርጋ በላችው፣ ከዚያ ውሃ ስንቀዳላት ዋልን አልኩት። ሳቀ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የሳቀውን አላስታውስም።

«እዚህ ለከብት የሚሆን ውሃ የለም» አለ።

«የለም።»

«ያንቺ ቧንቧ ይመጣል?»

«አብዛኛውን ቀን ይመጣል።»

«እንግዲህ ላም ፈልጊልኝ። የምታድረው አንቺ ጓሮ ነው። እኔ ቀን ቀን የላይኛውን አጭዳለሁ፣ ማታ ማታ ቅጠሉን ተሸክሜ እመጣለሁ።»

«ማታ ማታ?»

«ላም እንደሆነች በየቀኑ ትበላለች» አለኝ፣ ይህንን የማያውቅ ሰው እንደሚያስረዳ ሁሉ።

ስለ ማደር እኔ አንድም ቃል አልተናገርኩም። እሱ ነው ተነስቶ ወደ ውስጥ የገባው። ገመዱን ሊፈታው ነው ብዬ ጠበቅሁ። አልፈታውም፤ የፍራሹን አንድ ጫፍ አነሳና ሌላውን እንድይዝለት ጠበቀኝ።